ከውኃው ውጣ የተባልኩ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፤ ይህች ወረቀት አንቺንም ቤትሽንም በሙሉ ጤና ታግኛችሁ። እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹማ በቁመት ጥለውኝ ሊሄዱ ነው።

የጎልማሶች የዋና ውድድር ተቃርቧል። ግትርነቴን ታውቂዋለሽ፤ ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታም ከሥራ መልስ ስዋኝ ከረምኩ። ባለፈው ማክሰኞ ግን ገንዳው መሀል ትንፋሽ አጠረኝና ጠርዙን ይዤ ቆምኩ። አሰልጣኛችን ከላይ ሆና አየችኝ።

«ምን ሆንክ?»

«ምንም፤ ድካም ነው። አንድ ዙር ብቻ ልጨምር።»

«አንድም አትጨምር! ጡንቻ የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ውጣ!»

ወጣሁ። ሌሎቹ ሲዋኙ ፎጣ ደርቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ፤ እሾህ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ባለቤቴ ስትሰማ «ተመስገን፣ የሚያዝህ ሰው ተገኘ!» ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ተገርቻለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ውኃ አልነካም፤ በጊዜ እተኛለሁ። ውድድሩን ግን አልተውም። ዘንድሮ ቢያልፈኝ ለከርሞ እዚያው መነሻው ላይ ታገኚኛለሽ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለኝ፤ ለተወዳዳሪ ሁሉ የተለመደ ነው።

እግረ መንገዴን ልጠይቅሽ፦ አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ደረጃ ሲወጣ ቆም ቆም ማለት የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? ከእኔ ዕድሜ ገፋ ብሎ ነበር አይደል? እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው።

ልጆችሽን ሳሚልኝ። ዕድሜና ጤና አይለይሽ። መልሱን ግን በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ ላኪው፤ ቤት ባይመጣ ይሻላል።

አክባሪሽ ታናሽ ወንድምሽ