አየሁሽ በችሎት የመለሰችው

ቢቸና፣ ማክሰኞ

ወንድሜ አብዱራዛቅ፣

አስቀድመህ ይህን ተረዳልኝ፤ የአክስቴ ልጅ አየሁሽ የተረታችው መሬቷን ለማንም ሰጥታ ሳይሆን ዳኛ አክብራ ነው። ትናንት ችሎት አብሬያት ነበርሁ። ዳኛው «መሬቱን ለሟች ባልሽ ወንድም በፈቃድሽ ለቀሻል?» ብለው ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ «እርስዎ እንዳሉ ጌታዬ» አለች። አምናለች ተብሎ ተመዘገበባት። ሞጣ፣ አንተ ሱቅ፣ «እርስዎ እንዳሉ» የሚል ደንበኛ ገና ክርክር ሊጀምር ነው፤ እዚህ ግን ነገሩ በዚያው አለቀ። ስንወጣ ብቆጣት፣ «ምነው ጋሼ፣ ዳኛን ‹ውሸት ነው› ይሉታል እንዴ?» አለችኝ።

ለድሆች በነጻ እንዲቆም ፌሎሺፕ በሚሉት የአንድ ዓመት ምደባ የመጣው ወጣት ጠበቃ ዓመቱ አልቆ ሄዷል፤ ቢሮው ተቆልፏል። ይግባኙን የሚጽፍላት ከጠፋ ዘንድሮ የምታሳርሰው መሬት የላትም። በቦታው የሚመደብ አዲስ የሕግ ምሩቅ እየተፈለገ ነው። ደመወዙ ትንሽ፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ መሆኑን አልደብቅህም። ልጅህ ነጅዋ ግን የጥብቅና ፈቃዷን ካወጣች ወዲህ ሥራ እንዳላገኘች አውቃለሁ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ። ባለቤትህን ዘሚራንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ። የይግባኙ ጊዜ ሳያልፍ፣ ነጅዋ ትመጣ እንደሆነ እባክህ ቶሎ ጻፍልኝ።

ወንድምህ ሰጠኝ