የባሚያው መሐላ

ይድረስ ለወንድሜ ለባምላኩ ኪዳነ፣
አሶሳ።

እንዴት ነህ ወንድሜ? እንዴት ከረምክ? የቆላው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ ምሥራቅ እንዴት ናት? ሕፃኗ መቅደላዊትስ ጥርስ አወጣች ወይ? እኔ እህትህ ገበያነሽ፣ ባለቤቴ ዳኜም፣ ልጆቹም፣ እግዚአብሔር ይመስገን በእግራችን ቆመን እንሄዳለን። ከዚህ ቤት በእግሯ ቆማ የማትሄድ አንዲት ሰው ብቻ ናት። የምጽፍልህም ስለ እሷ ነው።

ለምን በስልክ አልነገርሽኝም ትል ይሆናል። በስልክ ስናወራ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም። ደግሞ ነገሩ መረር ሲልብህ «ኔትወርክ ተቆራረጠ» ትላለህ። ወረቀት አይቆራረጥም። ይህን የሚያደርስልህ መምህር ሙሉቀን ነው፤ በኅዳር የደረቀ ባሚያ በማዳበሪያ ጠቅጥቀህ የላክህበት ያው ሙሉቀን።

ባሚያው የደረሰ ዕለት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። የተናገርከውን አልረሳሁትም። «እማዬ፣ ይህን ዘፍዝፈሽ ውሃውን ጠጪ፣ ፍሬውን በሽንኩርት ሠርተሽ ብዪ። እዚህ ስንቱ ሰው በእሱ ስኳሩን አውርዶ መርፌውን ጥሏል» አልካት። ስንቱ ሰው ነው ባምላኩ? የአንዱን ስም ልትጠራልኝ ትችላለህ? ወይስ ስልክህ ላይ ያየኸውን ነው እንዳለ የደገምክላት? የግብርና ባለሙያ ነህ፤ ስለ ዘሩና ስለ አፈሩ ብትነግረን በሁለት ጆሮዬ እሰማህ ነበር። ሐኪም ያደረገህ ማን ነው?

እማዬ ደግሞ ታውቃታለህ፣ ካንተ አፍ የወጣ ለእሷ ከቅዳሴ አይተናነስም። ያን የሚዝለገለግ ነገር ልጆቼ ንፍጥ ይመስላል ብለው ሲሸሹት፣ «ተልባ ጠጥታችሁ ያደጋችሁ ልጆች ዛሬ ምን ነካችሁ!» እያለች ጠዋት ማታ ትጠጣው ጀመር። ከፍሬው ውስጥ ሰባት ዘር ለቅማ ከጓሮ ተከለች። እዚህ ቀየት፣ ጎመን እንኳ በውርጭ በሚቃጠልበት አገር! አንዱም አልበቀለም። እሷ ግን ጥፋቱን ለአፈሩ ሰጠች እንጂ ላንተ ባሚያ አልሰጠችም።

ወሩ የነቢያት ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፣ ስትቀምስም ከጉርሻ አይዘልም። መርፌውንም ገና አልተወችም። ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትለካ ሦስት መቶ ይል የነበረው ስኳር መቶ ስልሳ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ሲስተር ጥሩሸዋ፣ «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አለቻት። ስለ መርፌውና ስለ አመጋገቧ ነበር የተናገረችው። እማዬ ግን ስለ ባሚያው ሰማችው። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌውን ተወችው። ጾሙ ተፈትቶ ዳቦውም ጠላውም ሲመጣ፣ «ባሚያ ጠጥቻለሁ፣ ምን ያደርገኛል!» እያለች እንዳሻት በላች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ፣ የራሴንም ጥፋት ልንገርህ። የምወጋት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትና ማታ፣ ላም ሳልብም ልጅ ሳቅፍም ጥዬ እየተነሳሁ። መርፌውን ትቼዋለሁ ስትለኝ ሁለት ሳምንት ያህል አየሁ እንዳላየሁ ሆንኩ። ደክሞኝ ነበር ወንድሜ። ጠዋት በሰላም ወደ በረቴ መሄድ አምሮኝ ነበር። ይህን ለንስሐ አባታችን እንኳ ገና አልነገርኩም።

ገና ባለፈ በሳምንቱ ከንፈሯ እየደረቀ ውሃ በማሰሮ ስትጨርስ ነው የነቃሁት። መርፌውን ይዤ መጣሁ፣ እጄን ገፋችኝ። ያዝኳት። ያኔ ተቆጥታ ብድግ አለችና፣ «ባምላኩ ይሙት! ከዛሬ ጀምሮ ይህ መርፌ ገላዬን አይነካውም!» አለች። መርፌው ከእጄ ወደቀ። እሷም ከአፏ ካወጣችው በኋላ ደንግጣ አፏን በነጠላዋ ያዘች። የተማለ ግን ተማለ።

አንተ በትምህርት ተሻግረሃልና ልትስቅ ትችላለህ። አጎታችን አወቀ በበኩር ልጁ ሞት በሐሰት ምሎ ድንበር የገፋ ጊዜ አንተ ሕፃን ነበርክ። በዚያው ክረምት ልጁን ጓሳ ሜዳ ላይ ሣር ሲያጭድ መብረቅ መታው። ሬሳውን ካጠቡት አንዷ እማዬ ናት። እና አሁን ስኳሩ ቢገድላት ትመርጣለች እንጂ አንተን በመብረቅ አታስመታም። መርፌው እኮ አስፈርቷት አይደለም። በየቀኑ ሳትወጋ በዋለች ቁጥር አንድ ቀን ዕድሜ ላንተ የጨመረች ይመስላታል። ባሚያህንም እየጠጣች ያለችው ለዚሁ ነው፤ ሌላ የቀራት መድኃኒት የለም።

በጥር መጨረሻ አንድ ጠዋት ውርጩ አላስወጣ ብሎን ኩበት አንድደን እንሞቅ ነበር። እግሯን ወደ ፍሙ አስጠግታ ጎረቤታችን ፈንታ ስለ ገበያው የሚያወራውን ትሰማለች፣ ትስቃለች። ጨርቅ የተቃጠለ መሰለኝና ቀሚሴን ማገላበጥ ያዝኩ። የእሷ ጣቶች ነበሩ። እሳት ላይ ሆነው አልተሰማትም። «ምን ሆናችሁ?» ብላ ነው እኛን የጠየቀችን። ስኳሩ እግሯን ቀድሞ አደንዝዞት ኖሯል።

ቁስሉ ጠቆረ። በሰው ጀርባ እስከ መኪና፣ በመኪና እስከ ደብረ ብርሃን አደረስናት። ሐኪሙ መጀመሪያ ስኳሩ በመርፌ ይውረድ፣ ከዚያ ሁለት ጣት እንቁረጥ አለ። ከየካቲት ሃያ ሰባት ቀጠሮ ካለፈ ግን ጣት ሳይሆን እግር ነው፤ ከእግርም ካለፈ ነፍስ ነው፤ ይህን ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ስለ ባሚያውም ጠይቄዋለሁ፣ ላንተ ሐቁን እንድነግርህ ብዬ። «ጥሩ አትክልት ነው፣ ትብላው፤ እንጀራዋን ቀንሳ ከእሱ ብታበዛ ደስ ይለኛል። መርፌን የሚተካ ምግብ ግን የለም» አለኝ። እንግዲህ ባሚያው ምንም አላጠፋም። እሷ ግን በመርፌ እንዳይነኩኝ ብላ ተመለሰች።

የንስሐ አባታችን አባ ኪዳነ ወልድ መጥተው መስቀላቸውን አሳልመዋት፣ «ልጄ፣ እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ቀኖናሽን ተቀበይና ተወጊ» አሏት። መስቀሉን ሳመች። «አባቴ፣ የእርስዎ መፍታት ለእኔ ነፍስ ነው። የልጄን ነፍስ ማን ይዞልኝ?» አለቻቸው። አባም መስቀላቸውን ይዘው ወጡ።

አሁን አንጀቴን የሚያሳርረኝን ልንገርህ። እግሯ ሥር ተንበርክኬ፣ «እማዬ፣ ምነው ያን ቀን በእኔ በማልሽ! ገበያነሽ ትሙት ብለሽ ብትምይ ኖሮ ይኸን ጊዜ አፍርሰሽው ድነሽ ነበር» አልኳት። ራሴን እየዳሰሰች፣ «አንቺማ አለሽ፤ ምን ብዬ እምልብሻለሁ?» አለችኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይላሉ፤ ለእኔ የደረሰኝ መልክ ይህ ነው። እኔ የምሸከማት፣ የማጥባት፣ ቁስሏን የምፈታላት አለሁ። ውዱ የሚማልበት አንተ ነህ፤ በዓመት አንዴ እንኳ የማትመጣው፣ ላም አለኝ በሰማይ የምትባለው። ቀንቼብሃለሁ ባምላኩ። በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ የልጆች እናት ሆኜ፣ በመሐላ ቀናሁብህ።

ከደብረ ብርሃን የተመለስን ዕለት ደግሞ እጄን ይዛ «ይህን ነገር ለባምላኩ አትንገሪ፣ ልቡ ይሰበራል፣ በዚህ አስፈሪ መንገድም እነሳለሁ ይላል» አለችኝ። እሺ አልኩ። በእሺታ አላመነችኝም። «በይ ማዪ» አለችኝ። በማን? ባንተ ነዋ! «ባምላኩ ይሙት፣ አልነግረውም» ብዬ ማልኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠበቅኩት።

ዛሬ ይኸው በገዛ እጄ አፈረስኩት። ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያፈረስኩት ነው የመጣሁት። እኔም የእማዬ ልጅ ነኝ፤ የአወቀን ልጅ አስከሬን በመስኮት አይቻለሁ፣ እፈራለሁ። አንተ ብትሞት ገዳይህ እኔ ነኝ። ነገር ግን ይህን አንብበህ ስትጨርስ በሕይወት ካለህ፣ ነፍስህ ካልወጣች፣ ልብህ እየመታ ከሆነ፣ ሌላ ባሚያ አትላክ፣ ስልክም አትደውል፣ ራስህ ና። መንገዱ ምን እንደሚመስል አላጣሁትም፤ ሙሉቀን በሚመላለስበት መንገድ ና። ከየካቲት ሃያ ሰባት በፊት በፊቷ ቁም። «እማዬ፣ እትዬ ገበያነሽ በእኔ ምላ አፈረሰችው፤ ይኸው፣ ዳሽኝ፣ አልሞትኩም» በላት። ይህን ካንተ ገላ በቀር ሊያሳምናት የሚችል የለም።

ምሥራቅን በእኔ ስም ሳማት፤ እሷን አልተቀየምኳትም። መቅደላዊትን ዓይኗን ሳምልኝ። ዳኜ ጤና ይስጥልኝ ይልሃል። ልጆቹ አጎታችን እያሉ ይጠሩሃል። አባ ኪዳነ ወልድ በጸሎት አስቤዋለሁ ብለዋል። እማዬም አጠገቤ ተቀምጣለች፤ የምጽፈው ሰላምታ ብቻ ይመስላታል። ይህን ጻፊልኝ ብላኛለች፦ «ባሚያው በጣም ተስማምቶኛል። እግሬም ደህና ነው።»

እህትህ ገበያነሽ ኪዳነ
ቀየት፣ የካቲት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.