አባቴ አልገረፈኝም

ውድ ተማሪዬ፣

የልብ ወለድሽ ረቂቅ ደርሶኛል። ዓርብ ማተሚያ ቤት ስለሚገባ እርማቴን ቶሎ እንድልክልሽ ጠይቀሽኛል። የፊደልና የነጥብ ግድፈቶቹን በቀይ ምልክት አድርጌባቸዋለሁ፤ ጥቂት ናቸው። እንቅልፍ የነሳኝ ከገጽ አርባ አንድ እስከ ሃምሳ ሁለት ያለው ነው።

ጠመኔውን በመሐረብ ጠቅልሎ የሚይዘው፣ ተማሪዋን በክፍል ፊት ሌባ የሚላት መምህር እኔ ነኝ። በዚያ አልተቀየምኩሽም። ግን የኋላ ታሪክ ፈጠርሽለት፤ ሰካራም አባት፣ ቀበቶ፣ የተቆለፈ ጓዳ። አንባቢ እንዲያዝንለት ብለሽ ነው። ባለቤቴም አዘነችልኝ።

ረቂቁን ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አንብባዋለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ይህን ጉድ እንዴት ደበቅከኝ?» አለችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል።

«ያው ልብ ወለድ አይደል...»

«ተው እባክህ! ልጅቷ ከየት አመጣችው? ለእሷ ተነግሮ ለእኔ ይደበቅ?»

የዚያኑ ጊዜ ማስተባበል ነበረብኝ። አላስተባበልኩም። ይኸው ሦስት ቀን፣ እንደ በሽተኛ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ታናግረኛለች። እኔም፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ አለኝ። ትናንት ግን የአባቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አወረደችው።

አባቴን አታውቀውም፤ ሳንጋባ ነው የሞተው። ልብስ ሰፊ ነበር። ሳጠፋ ቅጣቴ የተደባለቁ የልብስ ቁልፎችን በመልክ በመልካቸው መለየት ነበር። አንድም ቀን እጁን አላነሳብኝም።

እውነተኛው የኋላ ታሪክ አጭር ነው። አሥራ አንድ ዓመት የለፋሁበትን ልብ ወለድ አሳታሚው ሌባ ባልኩሽ ዕለት ጠዋት ለአራተኛ ጊዜ መለሰልኝ። «ሰዎችህ አይተነፍሱም» ብሎ ጽፎበታል። ከዚያ ስለ አክስትሽ የጻፍሽውን ሁለት ገጽ ድርሰት አረምኩ። አክስትሽ ትተነፍስ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የራስሽ ሥራ መሆኑን እያወቅኩ «ማን ጻፈልሽ?» አልኩሽ።

«እኔው ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከማን እንደሰረቅሽው ተናገሪ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዓመቱ እስኪያልቅ አልተመለስሽም።

ገጸ ባሕርይ ያለፈ ሕይወት የሚሰጠው ለምን እንዳደረገው እንድናውቅ ነው እንጂ ጠበቃ እንዲቆምለት አይደለም። አሥራ ሁለቱን ገጾች አውጪያቸው። በምትካቸው የተመለሰውን ጥራዝ ቦርሳው ውስጥ ክተቺና ወደ ክፍል አስገቢው። ከዚያ በላይ አትጨምሪ፤ የቀረውን የአንቺን ድርሰት ሲያነብ እጁ ይናገራል።

ባለቤቴ ከማዶ ክፍል «በቃህ፣ ዓይንህን ጨረስከው!» እያለችኝ ነው። ፖስታውን አላሸግኩም። አሁን እጠራትና ከፊቴ አስቀምጬ፣ ይህን ደብዳቤ ከ«ውድ» ጀምሬ አንድ ቃል ሳልዘል ላነብላት ነው። የምትለኝን አላውቅም። ፎቶግራፉን ግን መልሼ የምሰቅለው እኔ ነኝ።

አንቺንም ይቅርታ የምጠይቅሽ በደብዳቤ አይደለም፤ መጽሐፍሽ በሚመረቅበት ቀን፣ ሰው ፊት እንዳዋረድኩሽ ሰው ፊት ነው።

የቀናብሽ መምህርሽ