የሶፊ ሣርና የቦራ ጠፍር

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ ለአቶ ኪዳነወልድ፤
ጅማ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን የሚቆረጥምዎት ብርድ ተሻለዎት ወይስ የጅማ ዝናብ አባሰብዎት? እህል ይስማማዎታል? እንቅልፍስ? እኔ፣ ባለቤቴ ሥራዬና የልጅ ልጅዎ ወይንሸት ከናፍቆትዎ በቀር ደኅና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ወይንሸት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስምዎን ስትጠራ ታፏጫለች።

አባባ፣ ዓምና ፈላና በር ላይ ስንሰነባበት ያሉኝ ከጆሮዬ አልወጣም። መንግሥት ለሣር ብሎ ገንዘብ አያወጣም፣ ያጠረውን ከከተማው ወጣ ያለውን የሶፊን ግጦሽ ለአንድ ባለጊዜ ይሰጠዋል፣ አንተም ከነዋስትናህ ታፍራለህ ብለውኝ ነበር። የላምዎን የቦራን የጠፍር ገመድም ሻንጣዎ ውስጥ ከተቱት። ግጦሽ የሌላት ላም ገመድ ምን ያደርግላታል አሉ።

መሬቱ እንደሚያውቁት ተግጦ ተግጦ ድንጋዩ ብቻ ነበር የቀረው። የእርሻ መሥሪያ ቤቱ በጀት ይዞ ሽቦ ሲያጥር፣ እርከን ሲያሠራ፣ እኔንም በጥበቃነት ሲቀጥር፣ የሶፊ ሰዎች ሁለት ክረምት ከብት ላለማስገባት እሺ ያሉት እኔን አምነው ነው። መሬቱ ካልተመለሰላችሁ እኔን ያዙኝ ብዬ በሽማግሌዎች ፊት ዋስ ሆኛለሁና።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ፣ በየካቲት፣ በጀቱ አለቀ ተባለና ደመወዝ ቆመ። ሌሎቹ ጥበቃዎች ወደየቤታቸው ገቡ። እኔ ቀረሁ፤ ዋስ ወዴት ይሄዳል? ከብቱ በበጋው ድርቅ ከስቶ ጎድኑ ይቆጠር ነበር። ቦራን በርቢ፣ የምትወልደውን ልንካፈል፣ የያዘልን የሶፊው ሙሜ አንድ ቀን አጥሩ ዘንድ ቆሞ፣ አቦ እንደሻው፣ ወላሂ ይህን ሣር ለየትኛው ጌታ ነው የምትጠብቀው አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰላምታም አቆምን። እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም እርስዎ ያሉኝን እያሰብሁ መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

በሐምሌ አዲሱ በጀት ተፈቀደ፤ ሣሩም በክረምቱ አድጎ እስከ ወገብ ደረሰ። ባለፈው ሳምንት ግን ከመሥሪያ ቤቱ መኪና ይመጣል ሲባል፣ ቀላድ ሊጣል፣ መሬቱ ተለክቶ ለባለጊዜ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ሶፊን አዳረሰው። ወንዱ ሁሉ ዱላውን ይዞ በአጥሩ በር ላይ ተቀመጠ። እኔም ከመካከላቸው ተቀመጥሁ፤ ዋስ ነኝና ለመመታትም የመጀመሪያው እኔ ነበርሁ።

ሹሙ ከመኪናው ወርዶ ዱላውን አየ አየና፣ ማጭዳችሁስ የት አለ ብሎ ጠየቀ። ሣሩ የእናንተ ነው፣ እያጨዳችሁ ውሰዱ፣ ከብት ግን አይግባበት፣ የዘንድሮው በጀት ደግሞ እርከኑን ወደ ላይኛው ተዳፋት ይቀጥላል አለ። ለጠብ ከመጣው ሕዝብ መካከል ማጭድ የያዘ አንድ ሰው ታጣ! የሙሜ ሚስት አሚና ሴቶቹን እየጠራች ሮጠች፤ ማጭዱን አምጥተውም በወንዶቹ ሲስቁባቸው ዋሉ። ዱላውስ ቢሉኝ፣ የሣር እስር መሸከሚያ ሆነ።

ሙሜ መጀመሪያ ያጨደውን ጭብጥ ሣር በሁለት እጁ ይዞ ወደ እኔ መጣ። በእነሱ ዘንድ እርጥብ ሣር ይዞ ለእርቅ የመጣ ሰው ፊት አይነሣም። እኔም አልነሣሁትም፤ አቅፌው አለቀስሁ።

ሁሉ ነገር ሞላ አልልዎትም። ላይኛው ተዳፋት ገና ራቁቱን ነው፤ በጀትም አንድ ዓመት መጥቶ አንድ ዓመት የሚቀር እንግዳ ነው። ግን አባባ፣ መሬቱን ማንም አልወሰደውም። ቦራም ከዚያ ሁሉ ድርቅ ተርፋ ሴት ጥጃ ወልዳለች። ስም እርስዎ ያወጡላታል ብለን ዝም ብለናል።

እህቴን ጽጌሬዳን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ባለቤቷ አበበ ስለሚንከባከብዎት እግዜር ይስጥህ ይበሉልኝ። ሥራዬ ጉልበትዎን በቅቤ ያሹት ትላለች፤ ወይንሸትም ጥርሴ ሳይበቅል ይምጡ ብላለች። ሙሜና አሚና እጅ ይነሣሉ።

አሁን ከብት መልቀቅ ስለተከለከለ፣ ቦራ ከሙሜ ደጅ ታስራ ሣሩ ይቀርብላታል። በቃጫ ብናስራት በጥሳ ሄደች። የጠፍሯን ገመድ ይዘው ይምጡ።

ልጅዎ እንደሻው ኪዳነወልድ
ሐረር፣ ፈላና በር
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.