አሥራ ስምንተኛው ቤት

ሰኔ 4፣ ረቡዕ። ከሰዓት 9፡30

አምስተኛው ስብሰባ። ደ/ብርሃን ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ውስጥ ናት። ካፖርቴን ሳላወልቅ መራሁ። አጀንዳው ያው ነው፤ ከአልዩ አምባ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ያሉት 31 ቤቶች። መሬቱ ባለፈው ክረምት ተሰንጥቋል። ዝናቡ ሳይበረታ ማን ይነሳ፣ ማን ይቆይ? የሚወስነው ኮሚቴው ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ እኔ ነኝ።

መቅደስ የሠራችውን ኤክስፐርት ሲስተም አቀረበች። የቀድሞ ተማሪዬ ናት፤ አሁን ራሷ የኮምፒውተር መምህርት ሆናለች። ፕሮግራሙ የአዋቂ ሰዎችን ዕውቀት «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» በሚሉ ሕጎች ይዞ እንደ እነሱ ለመፍረድ ይሞክራል። አዲስ የሆነብኝ ሕጎቹ የተጻፉበት ሒሳብ ነው።

ማስታወሻዬ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ሰሌዳው ላይ ክብ እሥል ነበር። ነጥቡ ወይ ከክቡ ውስጥ ነው፣ ወይ ከውጭ። ሦስተኛ ነገር የለም እል ነበር። መቅደስ ዛሬ ክቡን አደበዘዘችብኝ። በፈዚ ስብስብ አንድ ነገር በከፊልም አባል ይሆናል፤ ከዜሮ እስከ አንድ ባለው ደረጃ። የዛሬውን ብርድ ምሳሌ አደረገችው። ለእኛ ለለመድነው 0.4 ብርድ ነው። ከቆላ ለወጣ እንግዳ ሙሉ አንድ። «ቲቸር፣ መሬትም እንደዚሁ ነው፤ አንድ ቀን ደኅና፣ በማግሥቱ አደገኛ አይሆንም» አለችኝ። ልክ ናት። ለማን እንደማስተምረው አላውቅም እንጂ ዛሬ ቢሆን ሌላ ክብ እሥል ነበር።

ከሕጎቹ የሚበዙት ከሼህ ሰዒድ የተገኙ ናቸው። እዚያው ተዳፋቱ ላይ ይኖራሉ፤ የአካባቢው አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ምንጩ ሲደፈርስ፣ አጥሩ ሲያዘነብል፣ በሩ ከመቃኑ ጋር መግጠም እንቢ ሲል መሬቱ መንቀሳቀሱን ያውቃሉ። ገና አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ያሳደሩኝ እሳቸው ነበሩ። ሦስት ዓመት ከቤታቸው ኖሬያለሁ። ይህን በስብሰባው ላይ አላነሣሁም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ። 11፡00

ውጤቱ መጣ። ከ0.94 እስከ 0.11፣ የ31 ቤት አደጋ በተራ ተደርድሯል። መቅደስ ቁጥሮቹን እንደ መጡ ለቀበሌው እንስጥ አለች። ጸሐፊያችን አቶ ደምሰው ቅጹን አነሡ። ሁለት ዓምድ ብቻ አለው፤ «ይነሳ» እና «ይቆይ»። ጥቂት ተከራከሩ። አቶ ደምሰው፣ «ክብርት፣ 0.58ን የት ልጻፈው? እግሩን አንስተን ወገቡን እንተወው?» አሉ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

መሥመር ይሠመር ተባለ። ከ0.60 በላይ ይነሳ።

ለምን 0.60? ለአንተ ለማስታወሻዬ ልንገርህ፤ ቃለ ጉባኤው ውስጥ የለም። ጎረቤላ ከተማ ዳር ለተነሺዎች የተዘጋጀው ቦታ ለ17 ቤተሰብ ነው። አሥራ ሰባተኛው ቤት 0.63 አገኘ። አሥራ ስምንተኛው 0.58። መሥመሩን በመካከላቸው አሳለፍነው። ከዚያ ቁጥሩን አጠጋግተን «የሲስተሙ መነሻ» ብለን ጻፍነው። ሲስተሙ እንዲህ ያለ መነሻ የለውም። መሥመሩን ያሠመረው የቦታው ቁጥር ነው፣ ፈራሚዋ ደግሞ እኔ ነኝ።

አሥራ ስምንተኛው ቤት የሼህ ሰዒድ ነው።

አንድ ቦታ ይጨመር ማለት እችል ነበር። የኖርኩበት ቤት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ግን ምን ይላል? ዝም አልኩ። አስቀያሚ ቀን።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ

17ቱ ተነሡ። ቆርቆሮው፣ ድንኳኑ፣ ሁሉም ደረሰ። አመሰገኑን።

ሐምሌ 10፣ ሐሙስ። 12፡00

የቀሩትን 14 ቤቶች ለማየት ወረድኩ። መኪናው ጎረቤላን አልፎ ጭቃ ላይ ቆመ፤ የቀረውን በእግር። ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

እትዬ ዘሃራ፣ የሼህ ሰዒድ ባለቤት፣ ከሩቅ አይታኝ እጇን ወገቧ ላይ ጭና ቆማለች። «መምህርት! አርጅተሽ የለ እንዴ? ያኔ እኮ ይህን ቁልቁለት እንደ ፍየል ነበር የምትወርጂው!» አቅፋ ሳመችኝ። የማሽላ ቂጣ በእርጎ አቀረበች። እጇ ያው ነው፤ ሌላ ጨምሪ፣ ሌላ ጨምሪ።

ከበሩ ሥር የእንጨት ፍቅፋቂ ተከምሯል። ምንድነው አልኩ። ሼህ ሰዒድ መልስ ሳይሰጡ እሷ ቀደመች። በሩ አልዘጋ ሲል በመላጊያ ይልጉታል፤ በሳምንቱ እንደገና ይጠብቃል፤ እንደገና ይልጉታል። «ስምንት ጊዜ ላገው! በሩ አልቆ መስኮት ሊሆን ነው።»

«ዝም በይ አንቺ ሴትዮ» አሉ እሳቸው፤ ፈገግ ብለው ነው።

እኔ አልሳቅሁም። ይህ የራሳቸው ሕግ ነው። ቤት ለቤት የዞረው መረጃ ሰብሳቢ በሩ ምን ያህል ይጠብቃል ብሎ ሲጠይቃቸው «ትንሽ» ብለዋል፤ ከአሥር ሁለት ተብሎ ገብቷል። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። መሬት መሬት አዩ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ ቀድሞ ቦታ የሚወስደውም እኔ? ይህን ሰው ምን ይለዋል? አሉኝ። ሽማግሌ ነኝ፣ ነገ ሰው ማስታረቅ አለብኝ አሉ።

ገባኝ። ከማንም በላይ ገባኝ።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ። ቀን 5፡00

የበሩን መልስ አስተካክዬ ለመቅደስ ሰጠኋት። ከአሥር ዘጠኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

0.81።

መቅደስ ቁጥሩን ደግማ አየችው። ሲስተሙ ሰው የሚነግረውን ያምናል አለች፤ ለይሉኝታ ሕግ አልጻፍኩለትም አለች። የሷ ጥፋት እንዳልሆነ ነገርኳት።

ለአቶ ደምሰው ደወልኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጠንቃቃ ናቸው። የአንዱን ከነካን የሁሉንም መንካት ነው አሉ። ማክሰኞ መደበኛ ስብሰባ አለ፣ እዚያ ይቅረብ አሉ። ቀጥለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ደግሞ ክብርት፣ እዚያ ቤት ኖረው ያውቁ የለ? ሰው ያወራል» አሉ።

አስቸኳይ ነው ብዬ ዛሬውኑ የማስወጣት ሥልጣን አለኝ። አንድ ስልክ ይበቃል። ወደ ቀበሌው ት/ቤት አዳራሽ ይግቡ ማለት ብቻ።

ማክሰኞ ይሁን አልኩ።

ሐምሌ 13፣ እሑድ

ዝናብ። ከቅዳሴ ስመለስ ጃንጥላው ተገለበጠ። ቀኑን ሙሉ ዝናብ። ስልኩን ሁለቴ አነሣሁ፤ ሁለቴ አስቀመጥኩ። ማክሰኞ ቅርብ ነው።

ሐምሌ 14፣ ሰኞ። 4፡00

ከቀበሌው ተደወለ። ንጋት ላይ ተዳፋቱ ወረደ። አንድ ቤት። ሼህ ሰዒድ ለሱብሒ ሶላት መስጊድ ነበሩ። እትዬ ዘሃራ ቤት ውስጥ…

መጻፍ አልቻልኩም። እየወረድኩ ነው።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ትናንት ከሰዓት ቀበሯት። ጀናዛው ሲወጣም ዝናቡ አላቋረጠም። ወንዶቹ ጭቃውን እየረገጡ ተሸከሟት፤ ከሴቶቹ ጋር ቀረሁ።

የቀሩት 13 ቤተሰቦች እዚያው ሆኜ በሰጠሁት ትእዛዝ ት/ቤቱ አዳራሽ ገቡ። ለመናገር አንድ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስብሰባም አላስፈለገም፣ ቅጽም አላስፈለገም፣ ማንም ምንም አላለም።

አንድ ደቂቃ።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ። 8፡00

ለቅሶ ደረስኩ። ሼህ ሰዒድ ከወንድማቸው ቤት ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። የሚያጽናናቸው ሰው ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው ይላል፤ እሳቸውም አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው ቀለል ሲል ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«መምህርት፣ ትንሽ ያልኩት እኔ ነኝ» አሉ።

እንዲህ አይበሉ አልኳቸው።

«እኔ ነኝ። በሩ ነግሮኝ ነበር። ስምንት ጊዜ ነገረኝ። እኔ ላግሁት።»

ከዚያ ጠየቁኝ። ያን ቀን ከሄድሽ በኋላ ኮምፒውተሩ ሌላ ነገር አላለም ወይ? አሉ። ጥያቄ ብቻ ነው፤ ክስ የለበትም። አፌን ከፈትኩ። ሰዎች ገቡ፣ ዱዓ ተጀመረ። እግዚአብሔር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ። ሰዎቹ በመግባታቸው ደስ አለኝ። ይህን ለአንተም ልደብቅህ አስቤ ነበር።

ሐምሌ 18፣ ዓርብ። ቀን 6፡00

አቶ ደምሰው የሪፖርቱን ረቂቅ አመጡ። ንጹሕ ጽሑፍ ነው። «ሲስተሙ ለቤቱ 0.58 በመስጠቱ ከተነሺዎች ዝርዝር ውጭ ሆኗል» ይላል። ሐሰት የለበትም። 0.81 የት አለ? አልኳቸው። በቃለ ጉባኤ ያልጸደቀ ቁጥር ነው አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። እሳቸውም አልተኙም። ለእኔ አስበው ነው፤ ይህም ያሳዝነኛል።

ረቂቁ እንዲህ ቢሄድ ጥፋቱ ለሁለት ይከፈላል፤ ለአንድ ፕሮግራምና «ትንሽ» ላሉ አንድ ሽማግሌ። ፕሮግራሙ አይከፋውም። እሳቸው ግን እስኪሞቱ ይሸከሙታል። አሁንም እየተሸከሙት ነው።

ብዕሬን አወጣሁ። ዐረፍተ ነገሩን ሰርዤ በእጄ ጻፍኩ፦ «0.60 የተመረጠው ቦታው ለ17 ቤተሰብ ብቻ በመሆኑ ነው። የዚህ ቤት አደጋ 0.81 መሆኑን ሰብሳቢዋ ሐምሌ 11 ቀን አውቀዋል። ወዲያው የማስወጣት ሥልጣን ነበራቸው። አልተጠቀሙበትም። ቤቱ ሐምሌ 14 ንጋት ላይ ተንዷል።»

አቶ ደምሰው ሁለቴ አነበቡት። ኋላ፣ «ክብርት፣ ይህ ሥራዎን ያሳጣዎታል» አሉ። አውቃለሁ አልኩ። አዲስ ገልብጠው ሊያመጡልኝ ወጡ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። ገጠመ።

ነገ ሪፖርቱን ሳይልኩት እወርዳለሁ። ለሼህ ሰዒድ ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ። ያስወጡኝ ይሆናል፣ ያስቀምጡኝ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ የእኔ ድርሻ ስንት፣ የእሳቸው ስንት ብዬ በአስርዮሽ አልከፋፍልላቸውም። ቀኑን ነው የምነግራቸው። ዓርብ አወቅሁ። ሰኞ ወደቀ።