ምች መታት የተባለችው የሺ

ቅዳሜ
ማይክሮፎኑን እንደያዝኩ የአክስቴን ልጅ፣ የየሺን ስም ጠራሁ። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ስለ እናቶች ጤና በተጠራው ስብሰባ ሕጉን ብቻ አስረድቼ ብቀመጥ አጨብጭበው ይሸኙኝ ነበር። ሕግ ስለተማርኩ ነው የጋበዙኝ። የተደፈረች ሴት ፅንሱን በሐኪም ለማቋረጥ ቃሏ ይበቃል፣ ምስክር አምጪ አትባልም አልኩ። «ተደፍራ የሄደችው የሺ ግን ተባለች» አልኩ። ክሊኒኩ ሲመልሳት ሰው የሰጣትን ሥር አፍልታ ጠጣች። ደም ሲፈሳት አድራ ሞተች። ለቀስተኛው ሁሉ የተነገረው ምች መታት ተብሎ ነው።

 ከአዳራሹ አንዱ በስልኩ ይቀርጽ ነበር።

እሑድ
ቪዲዮው ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። እማዬ ከጓደኞቿ መሀል ልትቀመጥ ስትል ቦታ የለም አሏት። ነበር።

ቤት ስንደርስ፣ «ሕጉን ተናገሪ፣ ማን ከለከለሽ? የሟች ስም ምነው አስፈለገሽ?» አለችኝ።

ስሟን ካልጠራሁ ሌላ አገር የሆነ ነገር ይመስላቸዋል አልኳት። 

ማክሰኞ
ከቪዲዮው ሥር የተጻፈልኝ፦ ነፍሰ ገዳይ። ባል አጥታ ነው። ራሷ ስንቱን አስወርዳ ይሆን። አንዲት የማላውቃት ልጅ ግን «ቃሌ እንደሚበቃ አላውቅም ነበር» ብላለች። የት እንደምትሄድ ነገርኳት። ለዛሬ ይቺ ትበቃኛለች።

ከሰዓት የእማዬ የማርያም ማኅበር ሰብሳቢ እትዬ አልማዝ መጡ። እኔን እንዳላየ አልፈው፣ «ሐሙስ ጽዋውን ተቀብለሽ የሚመጣውን ወር የምትደግሺው አንቺ ነሽ። ልጄ ተሳስታለች በይና ይለቅ። አለዚያ ጽዋው ያልፍሻል» አሏት።

አባዬ ሲሞት የደረሱላት እነዚህ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ሌላ ሰው የላትም። አውቃለሁ። ቢሆንም እንዳትዪ ብዬ ለመንኳት።

ሐሙስ፣ ማርያም
እማዬ ጽዋውን ይዛ ተመለሰች። ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«አልሽ?»

«አልኩ። ልጄ ተሳስታለች፣ የሺን ምች ነው የመታት አልኩ።» ፊቷን አዞረች።

ላቅፋት ፈለግሁ። ልጮህባትም ፈለግሁ። ሁለቱንም ሳላደርግ ወጣሁ።

ዓርብ
የየሺ እናት፣ አክስቴ ዘውዴ፣ በጧት መኪና ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። ትረግመኛለች ብዬ ጠበቅሁ። የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ተቀመጠች።

«ምስክር አምጪ ሲሏት አብሬያት ነበርሁ» አለች። «የተማሩ ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ ዝም አልሁ። እውን ቃሏ ብቻ ይበቃ ነበር?»

«ይበቃ ነበር፣ አክስቴ።»

«ቢያምኗት ትተርፍ ነበር?»

ልዋሻት አልቻልኩም። «ትተርፍ ነበር።»

ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። «ምች ያልሁትኮ ስሟ እንዳይነሳ ብዬ ነው» አለች ቆይታ። «እንዲህ መሆኑን ባውቅ በየደጁ እጮህላት ነበር።»

እማዬ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ገብታ እኅቷ አጠገብ ተቀመጠች። ነገ ምን እንደምትል እንጃ።

ማኅበሯን አልነካባትም። ስድቡንም እችለዋለሁ። ከእንግዲህ ግን በዚህ ቤት የሺን ምች መታት የሚል ሰው አልቀበልም። እማዬም ብትሆን።