ካፒቴኑ በሦስተኛው ካሴት ሞቶ ነበር

አባባ፣

ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። የመሥሪያ ቤትህ ታፔላ እንደገና ተቀባ። ክልላችን አዲስ ስለሆነ ቀለሙ ሳይደርቅ ስሙ ይለወጣል። አንተ ብትኖር አሮጌውንም «ለማስረጃ» ብለህ መዝገብ ቤት ታስቀምጠው ነበር። የጓሮው ማንጎ አፍርቷል። እማማ ደህና ናት፣ ጫማህን ግን ከበሩ ሥር አላነሳችም። እኔም እንደተውከኝ ነኝ፤ ከሰባተኛ ክፍል አላለፍኩም፣ ምላሴም አላጠረም።

ትልቁ ወሬ ሌላ ነው። ኢድሪስ ቪዲዮ ቤት አሁን ያንተ ወንበር ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሳቅ፣ አውቃለሁ።

ትዝ ይልሃል? እሁድ ከሰዓት፣ ከሱዳን ድንበር ከኩርሙክ በጭነት መኪና የመጣ ካሴት፣ ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ከሥሩ የዓረብኛ ጽሑፍ። አንተ ሱዳን፣ ደማዚን ሳለን በተማርከው ዓረብኛ እያነበብክ ለቤቱ ሙሉ ሰው ባማርኛ ታወራለህ። የኛ ፊልም አንድ ብቻ ነበር፣ ክፍሉ የማያልቅ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በከዋክብት መሀል የምትዞር መርከብና ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለው ካፒቴን። አንዳንዴ አማርኛው አምልጦህ «ካፒቴኑ መጣች» ስትል እኔ ከኋላ «አገባች ወይ?» እላለሁ። ዞረህ «ሀዋ፣ ዛሬ እራት የለሽም» ትላለህ። እራት ግን መጀመሪያ የሚቀርበው ለኔ ነበር።

ካሴቶቹ በተራቸው አይመጡም። አንተ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሰው፣ የማይገጥም ወረቀት ያሳክክሃል። ደብተር ከፈትክ፤ የትኛው ጦርነት መቼ ሆነ፣ ማን የት ሞተ። ታዲያ አንድ እሁድ የማርስ ጦርነት በ2180 አለቀ ብለህ፣ በሚቀጥለው እሁድ በ2184 ተጀመረ አልክ። ከጎጃም የመጣው የሒሳብ መምህር ብድግ ብሎ «አቶ ሙሳ፣ ሳይጀመር እንዴት አለቀ?» አለህ። ሳምንቱን ሙሉ ምግብ አልጣመህም።

ጥፋቱ ያንተ እንደሆነ የደረስኩበት እኔ ነኝ። ሰው እንዲገባው ብለህ የፈረንጁን ዓመት ወደኛ አቆጣጠር ትመልሳለህ፣ ስምንት ትቀንሳለህ፤ ፊልሙ ሲጥምህ ደግሞ ትረሳዋለህ። የጦርነቱን ማለቂያ ቀንሰህ፣ መጀመሪያውን እንዳለ አነበብከው። ይህን አውቄ ሁለት ሳምንት ደበቅኩህ። ጠዋት ጠዋት የመታጠቢያ ውሃህን ሳመጣ «አባባ፣ ጦርነቱ ዛሬ ተጀመረ ወይስ አለቀ?» እልሃለሁ። በመጨረሻ ስነግርህ ጥምጣምህ እስኪወድቅ ሳቅክ።

ካፒቴኑን ግን ቀንሰንም ደምረንም አልቻልነውም። በሦስተኛው ካሴት ሞተ። ሬሳ ሳጥኑን ወደ ጠፈር ሲለቁት አይተናል፤ አንተም «አቧራ ነው» ብለህ ዓይንህን ጠርገሃል። በሰባተኛው ካሴት ሸብቶ፣ ወፍሮ፣ ቁጭ ብሎ ሾርባ ይጠጣል። እንዴት እንደዳነ የሚያሳይ ካሴት መሀል ላይ ጠፍቷል አልክ። ከኩርሙክ የመጣ ሾፌር ሁሉ ተጠየቀ። ታመህ ከተኛህ በኋላም የምትጠይቀኝ መድኃኒቱን አልነበረም፣ ካሴቱን ነው።

እንግዲህ እውነቱን ላውጣ። «ተገኘ፣ ኢድሪስ ጋ አየሁት» ያልኩህ ውሸት ነው። ሳጥኑ ባዶ ነበር፣ ካፒቴኑን የአንዲት ትንሽ ፕላኔት ሰዎች ደብቀው አስታመሙት፣ አንዲት ምላሰኛ ልጅ ሾርባ እያጠጣች አዳነችው ያልኩህ ሁሉ አልጋህ አጠገብ ተቀምጬ የፈጠርኩት ነው። አንተ ደብተሩን አስመጥተህ ጻፍከው። ብዙ ሰው አታልያለሁ፤ ሳቅ ያልመጣልኝ ያን ቀን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ሄድክ።

ባለፈው ወር ካሴቱ የእውነት መጣ። ምንም የለበትም፣ አባባ። ካፒቴኑ በር ከፍቶ ይገባል፣ ማንም «ሞተህ አልነበር?» አይለውም። ሠሪዎቹ ረስተውታል። መምህሩ እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ቤቱ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። እንዴት እንደዳነ ከሥር የማነበው ጽሑፍ ስለሌለ ደብተርህን ገለጥኩ።

እስከዚያ ቀን አፍሬ ገልጬው አላውቅም። ውሸቴን አገኘሁት፣ አንድ ቃል ሳትዘል ጽፈኸዋል። ከሥሩ ለመሥሪያ ቤት ወረቀት እንደምታደርገው «ምንጭ፦ ሀዋ። ካሴቱ አልታየም። ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ይላል።

አውቀህ ነበር፣ አንተ ሽማግሌ።

እንደጻፍከው አነበብኩላቸው፣ መምህሩም ተቀመጠ። ከእንግዲህም የማነበው እንደዚያው ነው። በሌላ አገር ካፒቴኑ እንደፈለገ ይሙት፤ እዚህ እኛ አሶሳ ውስጥ ሳጥኑ ባዶ ነው።

አንተ የሄድክበትንም ቀን ደብተሩ መጨረሻ ላይ ጽፌዋለሁ፣ በኛ አቆጣጠር፣ ሳልሳሳት። እሁድ ወንበርህ ላይ ስቀመጥ ግን ካንተም ዓመት ስምንት እቀንሳለሁ። ያኔ አለህ፣ ደማዚን ነን፤ ጣቴን ይዘህ አሸዋ ላይ ቀጥ ያለችውን የዓረብኛ ፊደል፣ አሊፍን ታስጽፈኛለህ፣ እኔም ሆን ብዬ አጣምማለሁ።

ስምንቱን መቀነስ አልረሳም፣ አባባ። እኔ እንዳንተ አይደለሁም።

ልጅህ ሀዋ